ክብደቱ ደረት ላይ እንዳያርፍ፦ ስለ እርሻ ኳድ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ማሽን ናቸው፤ ከብት ለማገድ፣ አጥር ለመጠገን፣ መድኃኒት ለመርጨትና ዕቃ ለማመላለስ በየእርሻው ስለሚያገለግለው ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ በተለምዶ ኳድ ስለምንለው። ደብዳቤዎቹን ስናነብ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ አጋጠመን፤ የመገልበጥ መከላከያው ብረት ኳዱ እንዳይገለበጥ የሚያደርግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አያደርግም። የብረቱ ሥራ የሚጀምረው ኳዱ ከተገለበጠ በኋላ ነው። እንዳይገለበጥ የሚያደርጉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱን እየለየን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ሁለት ጎማ ሞተር ነድቻለሁ። ኳድ አራት ጎማ ስላለው ይበልጥ የተረጋጋ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ «ኳድ ይገለበጣል» እየተባለ ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

የሚያዘናጋውም ይኸው ቆሞ ሳለ የተረጋጋ መምሰሉ ነው። ሁለት ጎማ ሞተር ሲወድቅ በጎኑ ተንሸራቶ ይተኛል፤ ነጂውም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሩ ይለያል። ኳድ ግን ይንከባለላል፤ የሚንከባለለውም ነጂው በወደቀበት አቅጣጫ ነው። የእርሻ ኳድ ባዶውን ከ250 እስከ 400 ኪሎ ይመዝናል።

የመረጋጋቱን ልክ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ከግራ ጎማ መሐል እስከ ቀኝ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት ለሁለት ያካፍሉ፤ ያገኙትን ደግሞ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ላለው ከፍታ ያካፍሉት። ለምሳሌ ርቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ነጂው ተቀምጦ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 45 ለ75 ሲካፈል 0.6 ይመጣል። ይህ ማለት በጎኑ ወደ 31 ዲግሪ ሲያዘነብል ላይኛዎቹ ጎማዎች መሬት ይለቃሉ። በኋላው መጫኛ ላይ በተጫነ ዕቃ ማዕከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ልኩ ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል። እነዚህ 3 ዲግሪዎች የሄዱት በከፍታ ብቻ ነው፤ የዕቃው መወዛወዝ አልተቆጠረም።

ይህ ስሌት ለቆመ ማሽንና ጉብታ ለሌለው መሬት ነው። በላይኛው በኩል ያሉት ጎማዎች 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ ወይም ጉቶ ላይ ቢወጡ፣ በ90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ወደ 9 ዲግሪ ተኩል ይጨመራል። ሞላው ከዚህ ላይ ጥቂት ቢውጥም 20 ዲግሪ የነበረው ተዳፋት በአንድ ድንጋይ ከ28 እስከ 29 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዕቃ ለተጫነበት ኳድ ይህ ከልኩ ያለፈ ነው። ነጂዎች «ትናንት ያለፍኩበት ቦታ ነበር» የሚሉት ለዚህ ነው። ትናንት ጎማው ድንጋዩን በአንድ ስንዝር ስቶታል።

ሌላው ምክንያት የኋላ አክስሉ ነው። ብዙ ኳዶች ከኋላ ዲፍሬንሻል (ሲታጠፉ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ማርሽ) የላቸውም፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ይሽከረከራሉ። ለስላሳ አፈር ላይ አንደኛው እየተንሸራተተ ይታጠፋል። አስፋልት ወይም የተጠቀጠቀ መንገድ ላይ ግን ኳዱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ነጂው መሪውን ጨምሮ ይጠመዝዛል፤ ጎማው በድንገት ሲይዝ ኳዱ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ ፍጥነትዎን ከጭቃው ይልቅ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ትራክተራችን የመገልበጥ መከላከያ ቅስትና ቀበቶ አለው። ለኳድ የሚሸጠው ብረት ከእሱ ጋር አንድ ነው? ከሆነስ ቀበቶው የት አለ?

አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን ማወቅ ሕይወት ያድናል። የትራክተሩ ቅስት ከቀበቶ ጋር ነው የሚሠራው። ቀበቶው ነጂውን በመቀመጫው ላይ ይይዘዋል፤ ቅስቱ በዙሪያው የማይደፈጠጥ ቦታ ይጠብቅለታል። ስዊድን ቅስቱን ለአዳዲስ ትራክተሮች ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ያለ ቀበቶ ግን ነጂው ተወርውሮ በራሱ ቅስት ሥር ሊያዝ ይችላል።

በኳድ ላይ ቀበቶ አይታሰርም። ኳድ የሚነዳው በመላ ሰውነት ነው፤ ሲታጠፉ ወደ ውስጥ፣ ዳገት ሲወጡ ወደ ፊት፣ ሲወርዱ ወደ ኋላ ይዘነበላሉ። 300 ኪሎ ኳድ ላይ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛው ገደማ ነው፤ ይህን ያህል ክብደት በቀበቶ ማሰር ኳዱን ይበልጥ ይገለብጠዋል። ስለዚህ መከላከያው ከነጂው ጀርባ ይተከላል። ኳዱ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ሲገለበጥ ሙሉ ክብደቱ መሬት ላይ እንዳይተኛ ያግዳል፤ ወይም እዚያው ያቆመዋል፣ ወይም በመሬቱና በመቀመጫው መካከል ለሰው የሚበቃ ክፍተት ይተዋል።

ይህ ክፍተት ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? በእርሻ ላይ በኳድ ከሚሞቱት ብዙዎቹ በፍጥነት ተጋጭተው አይደለም። በዝግታ እየሠሩ ሳለ ይገለበጥባቸዋል፤ ክብደቱ ደረታቸውን ይጫናል፤ መተንፈስ ያቅታቸዋል። አጥንታቸው ሳይሰበር የሚሞቱ አሉ። ደረት ከተጫነ ድምፅ አይወጣም፤ እርዳታ መጥራትም አይቻልም።

በስፋት የሚታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በአውስትራሊያ የተሠራው ኳድባር ነው፤ እንደ ተገለበጠ የፀጉር ማስያዣ ጠበብ ብሎ ከኋላ የቆመ ጠንካራ ቅስት። ሁለተኛው የኒው ዚላንዱ ላይፍጋርድ ነው፤ ከብዙ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ፣ ሰው ላይ ሲያርፍ የሚተጣጠፍ፣ ክብደት ሲጫነው ግን ቅርጹን የሚይዝ ክብ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 11 ቀን 2021 ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ የእርሻ ኳድ ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲገጠምለት አስገድዳለች። በጎኑም ከ28.81 ዲግሪ በፊት፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደግሞ ከ38.65 ዲግሪ በፊት በሁለት ጎማ መቆም የለበትም። የሚዘነብልበት ዲግሪ በሚንጠለጠል ካርድ ላይ ተጽፎ ለገዢው ይታያል። በሌላ አገር የሚገዛ ሰውም ይህን ቁጥር ሻጩን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ክርክር የለም ማለታችን አይደለም። አምራቾች ብረቱ ራሱ ነጂውን ሊመታ ይችላል ብለው ተቃውመዋል፤ ሆንዳና ያማሃም ኳዳቸውን ከአውስትራሊያ ገበያ አስወጥተዋል። እንደኛ ግምት ግን በዝግታ ለሚሠራበት እርሻ ሚዛኑ በግልጽ ወደ መከላከያው ያደላል። በፍጥነት ከዛፍ ወይም ከድንጋይ ጋር መጋጨትን አያድንም፤ ያ የሄልሜትና የፍጥነት ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ጎበዝ በያጅ ነው። «ከውኃ ቧንቧ እሠራልሃለሁ» አለኝ። ልስማማ?

አይስማሙ። የበያጁን ችሎታ ተጠራጥረን አይደለም። የሚበላሸው ነገር ስለሚታወቅ ነው። የውኃ ቧንቧ ውኃ እንዲይዝ እንጂ ከጎን የሚመጣ ግፊት እንዲችል አልተሠራም፤ ሲጫነው ይታጠፋል። ባይታጠፍ እንኳ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱ ብረቱን በዚያ ቦታ ያደክመዋልና። ለማስቀረት ተብሎ ወፍራም ብረት ከተመረጠ ደግሞ ክብደቱ ከላይ ይጨመራል፤ የመረጋጋቱ ልክም ቀደም ብለን እንዳየነው ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ኳዱን ሙሉ በሙሉ በፍርግርግ ማጠር ነው። ቀበቶ የሌለው ሰው ከፍርግርጉ ውስጥ ግማሽ ሰውነቱ ሲወጣ የሚጫነው ያው ፍርግርግ ነው።

የተፈተነ መከላከያ ገዝተው በያጁ እንዲገጥምልዎ ያድርጉ፤ ሥራው ብየዳ አይፈልግም። ለኳድዎ ሞዴል የተዘጋጀውን መያዣ ይጠይቁ። ብረቱ የሚታሰረው በሻንሲውና በተሳቢ መጎተቻው ላይ ነው፤ የዕቃ መጫኛው ፍርግርግ ደጋፊ ብቻ ነው፤ ብቻውን ከተሸከመ ተነቅሎ ይወጣል። ከመከላከያው ጋር የመጣውን ብሎን በሌላ አይተኩ። ጠፍቶ መተካት ግድ ከሆነ ራሱ ላይ የተመታው የጥንካሬ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8፣ ከመመሪያው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። መጀመሪያ ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ይግጠሙ፤ ቅስቱ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን ከኋላ ሆነው ይዩ፤ ከዚያ በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ሲጨርሱ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አንድ የቀለም መስመር ያስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል። ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ ያጥብቁት፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መስመሩን ማየት ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ቅስቱ ገመድ መጎተቻ አይደለም። ከአክስሉ በላይ ባለ ማንኛውም ነጥብ ላይ ገመድ አስሮ ግንድ የጎተተ ሰው፣ ግንዱ ሲይዝ የኳዱ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይነሣና በጀርባው ይገለበጣል። መጎተት በታችኛው መጎተቻ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መሬታችን ተዳፋት ይበዛዋል። የትኛውን ማለፍ እንደምችል ሳልሄድበት እንዴት አውቃለሁ?

በዓይን አይገምቱ፤ ቁልቁለትን በዓይን የሚለካ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ልክ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ውኃ ልክ ይያዙ። የጣውላውን አንድ ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ውኃ ልኩ እስኪስተካከል ሌላውን ጫፍ በአየር ላይ ይያዙ፤ ከዚያ ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ይለኩ። 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ነው፤ 27 ከሆነ 15፤ 36 ከሆነ 20 ዲግሪ። በስልክ ላይ ያለው የማዘንበያ መለኪያም ጣውላው መሬት ላይ ተኝቶ ከላዩ ቢቀመጥ ይሠራል።

አንዳንድ የኳድ መመሪያዎች 25 ዲግሪን፣ ሌሎች ደግሞ 15 ዲግሪን ጣሪያ ያደርጋሉ፤ የእርስዎን ያንብቡ። ተዳፋቱን በጎን አቋርጦ መሄድ ከመውጣትና ከመውረድ ሁሉ የባሰ ነው። እኛ ጭነት ሳይኖር እንኳ በጎን ከ15 ዲግሪ በላይ እንዳይሄዱ እንመክራለን፤ የድንጋዩን 9 ዲግሪ ያስታውሱ። ከዚያ በላይ የሆነውን ቦታ በካስማ ምልክት ያድርጉበትና ሌላ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ያሳዩት።

ዳገት ሲወጡ ከታች ጀምሮ ዝቅተኛ ማርሽ ይግቡ፤ መሐል ላይ ማርሽ መቀየርና ጋዝ በድንገት መስጠት አፍንጫውን ያነሣል። አቅም አንሶት ቢቆምስ? ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጋዝ አይስጡ፤ ክብደትዎን ወደ ፊት ያድርጉ፤ ፍሬን ይያዙ፤ ማቆሚያ ፍሬኑን ይቆልፉ፤ በላይኛው በኩል ይውረዱ። ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመረ የኋላ ፍሬኑን ብቻውን አይርገጡ፤ የኋላ ጎማ ሲያዝ ኳዱ በላዩ ላይ ይዞራል። የፊቱን ቀስ አድርገው ይያዙ፤ ሲቆም የኋላውን ይጨምሩ። አልያዘም? በላይኛው በኩል ዘለው ይውረዱና ይተዉት።

ሲወርዱ ደግሞ ዝቅተኛ ማርሽ ይዘው ሞተሩ እንዲይዝዎ ያድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነ ግን ሞተሩ የማይይዘው ኳድም አለ፤ ለጥ ባለ ቦታ ጋዝ ለቀው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ 100 ሊትር የመድኃኒት ታንክ በኋላው መጫኛ ላይ ልገጥም ነው። ችግር አለው?

አለው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ከታንኩ፣ ከፓምፑና ከቧንቧው ጋር ከ110 ኪሎ ያልፋል። በብዙ ሞዴሎች የኋላ መጫኛው አቅም ግን ከ80 እስከ 90 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ልኩ መጫኛው ላይ ወይም ጎማው አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። 60 ሊትር ይግዙ።

ሙሉ ታንክ ከባድ ነው፤ ግማሽ ታንክ ግን ተንኮለኛ ነው። 30 ኪሎ ውኃ ተዳፋት ላይ ወደ ታችኛው ጎን ይሄዳል፤ ሲታጠፉ ደግሞ ኳዱ ከዞረ በኋላ ዘግይቶ ይመታል። በውስጡ መከፋፈያ ግድግዳ ያለውን ታንክ ይምረጡ፤ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርገው በቀበቶ ያስሩት። በተዳፋት ላይ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ በጎን አይርጩ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ኳዱን ለጥ ባለ ቦታ አቁሞ በ50 ሜትር ቧንቧ በእግር መርጨት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ተዳፋቱ ላይ ግን ሰው እንጂ ማሽን አይወጣም።

ጥያቄ፦ ጎሚስታ ቤት የጎማውን አየር 25 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሞልተውልኝ ኳዱ ይዘላል። ለምን ይሆን?

መዝለሉ አይገርምም። የእርሻ ኳድ ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከ3 እስከ 7 ፒ.ኤስ.አይ (ከ20 እስከ 50 ኪሎ ፓስካል ገደማ) ነው። ትክክለኛው ቁጥር ጎማው አጠገብ ባለው ጽሑፍ ላይ አለ። ለመኪና የተሠራ መለኪያ በዚህ ዝቅተኛ ልክ አያስተማምንም፤ እስከ 10 ፒ.ኤስ.አይ ብቻ የሚያነብ መለኪያና የእጅ ፓምፕ ይኑርዎት። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለኩ። ግራና ቀኝ እኩል ካልሆኑ ኳዱ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ የላላው ጎማ ከታች ከሆነ ማዘንበሉን ይጨምራል።

ጥያቄ፦ መቀመጫው ረጅም ነው። የ12 ዓመት ልጄን ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ ማሳ ልወስደው እችላለሁ?

አይቻልም። መቀመጫው የረዘመው ነጂው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲንቀሳቀስ ነው እንጂ ለሁለት ሰው አይደለም። ልጁ ከኋላ ሲቀመጥ ክብደቱ ከአክስሉ በስተኋላ ያርፋል፤ ዳገት ላይ አፍንጫውን የሚያነሣው ይኸው ነው። ወደ ኋላ መዘንበል ሲያስፈልግዎም ቦታ የለዎትም። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የአዋቂ ኳድ እንዳይነዳ አምራቾቹ ራሳቸው ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ፤ ክብደቱም ጉልበቱም ኳዱን ለማዘንበል አይበቃም። ልጁ በእግሩ ይምጣ፤ ወይም በመኪና።

ጥያቄ፦ በኳድ ፋንታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠውን ባለ መሪ ተሽከርካሪ ብገዛስ?

ጭነትና ሰው ለሚያመላልስ እርሻ የተሻለ ምርጫ ነው ብለን እናምናለን። የብረት ጣሪያና ቀበቶ አለው፤ ለመንዳትም ሰውነት ማዘንበል አይጠይቅም። ነገር ግን ጥበቃው ቀበቶው ከታሰረ ብቻ ነው። በር ለመክፈት በየ50 ሜትሩ የሚወርድ ሠራተኛ ቀበቶውን ማሰር ይሰለቻል፤ ሲገለበጥም እጁን ዘርግቶ ጣሪያውን ይይዛል፤ እጁ ከብረቱ ሥር ይቀራል። የጎን መረቡን አያንሡት፤ እጅ መሪውን ወይም የውስጥ መያዣውን እንዲይዝ ያለማምዱ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ኳድ ሥር ተይዞ ባገኝ መጀመሪያ ምን ላድርግ? ከዚያስ ኳዱን ወዲያው ማስነሣት ይቻላል?

ሞተሩን ያጥፉ፤ እየጮኹ ሰው ይጥሩ፤ ከደረቱ ላይ ክብደቱን ያንሡ። ደረት ከተጫነ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። ብቻዎን ከሆኑ ኳዱን ሙሉ ለማንሣት አይታገሉ፤ በክሪክ ወይም በጠንካራ እንጨት ጥቂት ከፍ አድርገው ወዲያው ከሥሩ ግንድ ወይም ድንጋይ ያስገቡ፤ እንደገና ከፍ ያድርጉ፤ እንደገና ያስገቡ። ተንሸራቶ ቢመለስ የሚይዘው ያስገቡት ነገር ነው። መተንፈስ ከጀመረ በኋላ ነዳጅ የሚፈስ ካልሆነ አያንቀሳቅሱት፤ አንገቱና ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። በደንብ እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱንም አያውልቁ። የአደጋ ጊዜ እርዳታ ሲደርስ ስንት ሰዓት ተይዞ እንደቆየ ይንገሯቸው፤ ለሕክምናው አስፈላጊ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ከመውጣቱ በፊት የት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይናገር፤ ሰዓቱ ካለፈ የሚፈልገው ሰው በስም የታወቀ ይሁን።

ኳዱን ግን ወዲያው አያስነሡ። ተገልብጦ የቆየ ሞተር ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ሊገባ ይችላል፤ ፈሳሽ ስለማይታመቅ ሞተሩ ሲዞር ውስጡ ይጣመማል። ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ይጠብቁ፤ መጠኑን ይለኩ። ካንዴላውን አውጥተው ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ያድርጉና ሞተሩን ጥቂት ዙር ያዙሩት፤ ዘይት ከወጣ እስኪያቆም ይደጋግሙ። የአየር ፊልትሮው ዘይት ጠጥቶ ከሆነ ይቀይሩት። መሪው ቀጥ ሲል ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን፣ የጋዙ መግፊያ ሲለቀቅ ራሱ መመለሱን፣ ፍሬኑ መያዙን ያረጋግጡ።

የታጠፈውን የመከላከያ ብረት በእሳት አሙቀው አያቅኑት። አንድ ጊዜ ከታጠፈ ሥራውን ጨርሷል፤ እሱም፣ መሬት የመታው ሄልሜትም በአዲስ ይተኩ።